ገዳዩን ማን ይጫወት?



ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሠውታችሁ ስለ ግድያ ለመስማት እዚህ በመሰብሰባችሁ አመሰግናለሁ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር የዲስኩሩን ርእስ በስልክ ስነግራቸው ለአፍታ ዝም አሉና «ጠበቃ ይኑር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ጠበቃ አያስፈልግም። የማወራው እዚሁ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ውስጥ፣ ጎረቤቶቻችን በትንንሽ ቴአትር ቤቶቻቸው «ገዳዩ ማን ነው?» የሚያሰኝ ተውኔት ሊያሳዩ ሲነሡ ተዋናይ እንዴት እንደሚመርጡ ነው። ብዙዎቻችን በነዚህ ቤቶች ደጃፍ ስናልፍ ኖረናል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ኮልስቪል መንገድና ዩኒቨርሲቲ ቡለቫርድ ከሚገናኙበት አጠገብ፣ ከገበያ ማዕከሉ ሥር ምድር ቤት ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ስቴጅ አለ፤ ከ1968 ጀምሮ ነው ያለው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ወንዙን ተሻግራችሁ አሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ስትገቡ ደግሞ በ1934 የተመሠረተውን ሊትል ቴአትር ታገኛላችሁ። የአገር ፍቅር ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ከመቋቋሙ በአንድ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው።

እነዚህ ቤቶች የአማተር ቤቶች ናቸው። ለተዋናይ ደመወዝ የለም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ቤት አባልነት ያስከፍላል። ቀን ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ጡረተኛ የሆነ ሰው ማታ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ መኮንን ወይም ወይዘሮ ይሆናል፤ አራት ሰዓት ላይ ቤቱ ይመለሳል። ነገሩ በዚህ አገር ሥር የሰደደ ነው። ቦስተን ውስጥ ጀሜይካ ፕሌን ሠፈር ፉትላይት ክለብ የሚባለው ቡድን ከ1877 ጀምሮ ሳያቋርጥ ይሠራል።

ታዲያ እነዚህ ቤቶች የዓመቱን መርሐ ግብር ሲያወጡ፣ ከአምስት ከስድስቱ ተውኔት አንዱ አብዛኛውን ጊዜ የግድያ ተውኔት ይሆናል። ለምን? የመጀመሪያው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ መሸፋፈን አያስፈልግም። ሙዚቃዊ ተውኔት የሙዚቃ ጓድ፣ የውዝዋዜ አሠልጣኝና ሻንጣ ሙሉ ልብስ ይጠይቃል። የግድያ ተውኔት ግን አንድ ሳሎን፣ ሁለት በር፣ አንድ መስኮትና አንድ ስልክ ከተገኘ በቂ ነው፤ ስልኩም ብዙ ሳይቆይ መስመሩ ይቆረጣል። ወንበሩ ደግሞ ይሞላል። ማንም የማያያቸውን ቁም ነገረኛ ተውኔቶች ኪሳራ የምትሸፍነው ይህቺው የተገደለች ወይዘሮ ናት። ሁለተኛው ምክንያት ግን ለዛሬ ወሬያችን የበለጠ ይጠቅመናል፦ በዚህ ዓይነት ድርሰት ውስጥ ሚናው ለሁሉም ይደርሳል። አንድ ንጉሥና አሥራ አምስት ጋሻ ጃግሬ የለም። ሁሉም ተጠርጣሪ ነውና ሁሉም የሚናገረውም የሚደብቀውም አለው።

የአጋታ ክሪስቲን «የአይጥ ወጥመድ» እንውሰድ። ድርሰቱ የተወለደው በ1947 ለንግሥት ሜሪ 80ኛ ዓመት ልደት በተሰናዳ አጭር የራዲዮ ድራማ ነው። በመድረክ መልኩ ጥቅምት 6 ቀን 1952 ኖቲንግሃም ላይ ታየ፤ በኅዳር 25 ለንደን ገባ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ያቆመው ኮሮና ብቻ ነው፤ መጋቢት 2020 ተዘግቶ ግንቦት 2021 ተመልሷል። የለንደኖቹ እርግጥ ባለሙያዎች ናቸው፤ እዚህ አሜሪካ ግን የአካባቢ ቴአትር ቤቶች ከባለመብቶቹ ፈቃድ እየገዙ ሲሠሩት ኖረዋል። ስምንት ገጸ ባሕርያት አሉት፤ አምስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። በረዶ መንገዱን ዘግቶት ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ መውጣት አይችሉም፤ ከመካከላቸው አንዱ ገዳይ ነው። መጋረጃው ሲዘጋ ተዋናዮቹ ተመልካቹን «አደራ፣ ምስጢሩን ለሌላ አትናገሩ» ይሉታል። ሰባ ዓመት የተጠበቀ አደራ ነውና ከእኔም አትሰሙም።

የዚያችው ደራሲ ሌላ ሥራ በአንድ ደሴት ላይ ስለ ተሰበሰቡ አሥር እንግዶች የሚያወራው ነው፤ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ልቦለዱ የወጣው በ1939 ሲሆን ራሷ ለመድረክ ያዘጋጀችው ደግሞ በ1943፣ በጦርነቱ መካከል፣ ለንደን ላይ ታየ። መድረክ ላይ ታሪኩን የሚጨርስ ሰው ስለሚያስፈልግና የዚያ ዘመን ተመልካችም ሞት ስለ ሰለቸው መጨረሻውን ለወጠችው። ስለዚህ ዛሬ ያንን ተውኔት የሚያዘጋጅ ቡድን የትኛውን መጨረሻ እንደሚያሳይ አስቀድሞ ይወስናል። ለኦዲሽን የምትሄዱ ሰዎች ይህንን መጠየቅ አትርሱ፤ የምታነቡት ሰው በአንዱ መጨረሻ ይሞታል፣ በሌላው ይተርፋል። ጀልባውን የሚያመጣውን ሰው ጨምሮ አሥራ አንድ ተዋናይ ይፈልጋል፤ ስምንቱ ወንዶች፣ ሦስቱ ሴቶች ናቸው።

ወንዶች፣ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ለኦዲሽን የሚመጣው ሰው ቁጥሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሴቱ ኮሪደር ሞልቶ ወረፋ ይጠብቃል፤ ወንድ ግን በመብራት ይፈለጋል። የወንዱን ሚና ለሴት እንስጥ ቢባል ደግሞ ባለመብቱ መስማማት አለበት። በዚህ ምክንያት በበሩ የሚገባ ማንኛውም ወንድ፣ ባለቤቱን አድርሶ ሊመለስ የመጣ እንኳ ቢሆን፣ ወረቀት ይሰጠዋል። እንዲህ ሆኖ የጀመረ ሰው ዛሬም ሲተውን አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ግን አልተመረጠችም፤ እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

ማስታወቂያው ከዝግጅቱ ሦስት አራት ወር ቀደም ብሎ ይወጣል። የተውኔቱን ስም፣ የአዘጋጁን ስም፣ የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ዕድሜና ጠባይ በአጭሩ፣ የልምምዱንና የማሳያውን ቀናት ይዘረዝራል። አንዳንዱ አዘጋጅ አንድ ደቂቃ የሚሆን መነባንብ በቃል አጥንታችሁ እንድትመጡ ይጠይቃል፤ ለግድያ ተውኔት ግን አብዛኞቹ እዚያው የሚታደል ወረቀት ማስነበብ ይመርጣሉ። ስትደርሱ ቅጽ ትሞላላችሁ። በቅጹ ላይ ስለ ልምዳችሁ የሚጠይቀው ክፍል ባዶ ቢሆን ማንም አይቀየማችሁም። የሚያስቀይመው ሌላው ክፍል ነው፤ የማይመቻችሁን ቀን ጻፉ የሚለው። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ትሑት ይሆንና «ሁሉም ቀን ይመቸኛል» ብሎ ይፈርማል። ከዚያ ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ተዝካሩ፣ ጽዋው ይመጣል። አማተር ቤት ተተኪ ተዋናይ አያዘጋጅም፤ አንድ ሰው ቀረ ማለት ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ጠፋ ማለት ነው፤ ምርመራው ያለ እሱ አይሄድም። ለንደን ግን ተተኪ አለው። ናንሲ ሲብሩክ የምትባል ተዋናይት በ«አይጥ ወጥመድ» ለአሥራ አምስት ዓመት፣ ለ6,240 ትርኢት በተተኪነት ጠብቃ መድረክ ላይ የወጣችው 72 ጊዜ ብቻ ነው። እኛ ሠፈር እንዲህ ያለ ትዕግሥት የሚገዛበት በጀት የለም።

አሁን ወደ ክፍሉ ልውሰዳችሁ። የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው፤ ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ የብረት ወንበር። ከጠረጴዛው ጀርባ አዘጋጇ፣ ፕሮዲዩሰሩና የመድረክ ሥራ አስኪያጇ ተቀምጠዋል። አዘጋጇ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርት ናቸው፤ ቡናቸውን በፔርሙዝ ይዘው መጥተዋል። የሚነበበው መርማሪው ቤተኞቹን ሰብስቦ የሚጠይቅበት ሦስት ገጽ ነው። አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ በሙያው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ መርማሪውን አነበበ። ድምፁ መስታወት ያንቀጠቅጣል፤ አዳራሹ ሁሉ ራሱን ነቀነቀለት። ከተጠርጣሪዎቹ መካከል አንዲት ሴት በሦስቱ ገጽ ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበራት። በእጇ ባዶ የወረቀት ኩባያ ይዛ በጣቶቿ ታዞረዋለች። መርማሪው ሬሳው የት እንደ ተገኘ ሲናገር ኩባያው ቆመ። ሌላ ምንም አላደረገችም፤ ፊቷም አልተለወጠም። የአዘጋጇ እርሳስ አንድ ነገር ጻፈ።

ከዚያ ያንኑ ገጽ እንደገና እንዲያነቡ አዘዙ። በሁለተኛው ንባብ እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ሴትየዋ ኩባያውን አንሥታ ከባዶው ጠጣች። አዘጋጇ «ለምን ለወጥሽው?» ሲሏት፣ «መጀመሪያ ወሬውን ሰማሁት፤ አሁን ግን ቀድሜ አውቀዋለሁ፤ እንዳላወቅሁ ሆኜ መቀመጥ ነበረብኝ» አለች። ሚናውን ያገኘችው እሷ ናት። ባለ ድምፁ ሰውዬም ተመርጧል፤ ወንድ ጠፍቶ ነበርና።

ልል የመጣሁት ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። በሌላ ዓይነት ተውኔት ኦዲሽን ላይ ዳኛው የሚያየው የሚናገረውን ሰው ነው። በግድያ ተውኔት ግን ዓይኑ የሚያርፈው ዝም ባሉት ላይ ነው። ተመልካቹ ራሱ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ መርማሪው ሲጠይቅ እሱ የሌሎቹን ፊት ይፈትሻል፣ ማን ደነገጠ፣ ማን ወደ በሩ አየ፣ ማን ሻዩን አስቀመጠ እያለ። ስለዚህ የራሱ ተራ እስኪደርስ ጣሪያ የሚቆጥር ተዋናይ ተውኔቱን ያበላሻል፤ የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን። የባሰው ደግሞ ጥፋተኛ ለመምሰል የሚጥረው ነው። ግንባሩን ያኮማትራል፣ ዓይኑን ያጠባል፣ «እኔ ነኝ» ብሎ ከማወጅ ምንም አይቀረው። ገዳይ ያንን አያደርግም። ገዳይ ማለት ከሁሉ ይበልጥ ንጹሕ ለመምሰል ምክንያት ያለው ሰው ነው፤ ንጹሖቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ሌላ የሚያሳፍር ጉዳይ ደብቀዋል። ብልህ አዘጋጅ ሁሉንም ሰው ሁሉንም ሚና ያስነብባል፤ ማን ገዳይ እንደሆነም አስቀድሞ አያነሣም። ተውኔቱን የማያውቅ አንባቢ ሳያስበው ንጹሕ ይሆናል፤ ያንን ንጽሕና እያወቀ መድገም የሚችለው ነው የሚፈለገው።

በአማርኛ መድረክ ላይ ግድያ ሞልቶናል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንም ማክቤዝንም ሐምሌትንም ወደ አማርኛ መልሷቸዋል፤ ደም እስከ ጉልበት ነው። እዚያ ግን ገዳዩን እናውቀዋለን፤ ኅሊናው ሲበላው ቁጭ ብለን እናያለን፤ ተዋናዩም ያንን ሥቃይ አውጥቶ እንዲያሳየን ይጠበቃል። የምነግራችሁ ዓይነት ተውኔት ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ሥቃዩን ውጦ ሻይ ይቀዳል። በሼክስፒር አማርኛ ያደገ ተዋናያችን እዚህ ኦዲሽን ላይ ቢቀርብ መጀመሪያ የሚነገረው «ቀንስ» የሚል ይመስለኛል።

ሌላ የሚፈተን ነገር አለ። በእያንዳንዱ የግድያ ተውኔት ውስጥ አንድ ቁልፍ ቃለ ተውኔት ይኖራል፤ ለምሳሌ «የዚያን ቀን ባቡሩ ዘግይቶ ነበር» የሚል ተራ ንግግር፤ በመጨረሻ ገዳዩን የሚያስይዘው እሱ ነው። ተመልካቹ ሊሰማውም ሊረሳውም ይገባል። ካልሰማው ሲያልቅ «ተታለልን» ብሎ ይቆጣል፤ ካልረሳው ደግሞ ዕረፍት ሰዓት ላይ ፍርዱን ሰጥቶ ይጨርሳል። ታዲያ እንዴት ይባላል? አዘጋጆች በኦዲሽኑ ላይ ያንን ዐረፍተ ነገር ሦስት አራት ጊዜ ያስደግማሉ። «አሁን መነጽርህን እየፈለግህ በለው። አሁን ለእሷ ስኳር እያቀበልክ። አሁን ሌላ ሰው ሊናገር ሲል ቀድመህ።» ይህ የሚፈትነው ተሰጥኦን ብቻ አይደለም፤ መመሪያ ተቀብሎ ወዲያው መለወጥ መቻልን ነው። እቤቱ በመስታወት ፊት አጥንቶ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል፤ አራቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ይለዋልና።

ስለ ሬሳው በአጭሩ ልለፍ። ሬሳ ሚና ነው። ጉልበት፣ ወገብ፣ አስም ካለባችሁ በቅጹ ላይ ተናገሩ። መብራት ሥር አሥር ደቂቃ ሆዳችሁ ሳይነፋና ሳይጎድል መተኛት፣ አፍንጫችሁን ሲበላችሁ አለማከክ ማለት ነው። ሽጉጥ ካለ አያያዙን የሚያሠለጥን ሰው ይመደባል፤ ባዶ ነው ተብሎ ወደ ሰው አይደገንም። ጩኸትም ይፈተናል፤ ግን መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ንባብ በኋላ፤ ሃያ ሴት በተራ ከጮኸች ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።

«የእኔ እንግሊዝኛ እኮ…» የሚል ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ብዙ አዘጋጆች ለነዚህ ተውኔቶች የእንግሊዝ አነጋገር ይፈልጋሉ፤ ሚናውም በዚያ የሚታጠር ከሆነ ይታጠራል። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። የዚህ ዘውግ ዋናው መርማሪ ራሱ መጤ ነው። አጋታ ክሪስቲ ኤርኩል ፖይሮን የፈጠረችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ትውልድ ከተማዋ ቶርኪ የመጡትን የቤልጂግ ስደተኞች አይታ ነው። እሷ ራሷ ያን ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር፤ መርዙን ከዚያ፣ ስደተኛውን ከሠፈሯ አገኘች። በ«አይጥ ወጥመድ» ውስጥም ሚስተር ፓራቪቺኒ የሚባል፣ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ፣ አነጋገሩ ለየት ያለ እንግዳ አለ፤ ሳይጠራ በበረዶው መሐል በር ያንኳኳል። የባዕድ አነጋገር ያለው ሰው ሲገባ ተመልካቹ ወዲያው ይጠረጥረዋል። ይህንን እዚህ አገር ለምንኖር ሰዎች ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ልዩነቱ መድረክ ላይ ጥርጣሬው የደራሲው መሣሪያ መሆኑ ነው። ስለዚህ በራሳችሁ ድምፅ አንብቡ። ከፊልም የተለቀመ የውሸት እንግሊዝ አነጋገር የሚያነብ ሰው ሰምቻለሁ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስኮትላንድ ገብቶ በሦስተኛው አውስትራሊያ ወጣ። የመጣበትን አነጋገር ይዞ ቢያነብ ይሻለው ነበር።

የዚህ ተውኔት አጽም ለእኛ እንግዳ ነው የሚል ሰው ካለ ደግሞ አልስማማም። አባቶቻችን አፈርሳታ የሚሉት፣ አንዳንድ አገር አውጫጭኝ የሚባለው ሥርዓት ምን ነበር? ሰው ተገድሎ ወይም ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቀመጣል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ያስምላሉ፣ ይጠይቃሉ፤ ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤት መመለስ የለም። ጥፋተኛው ካልተገኘም ዕዳው በአገሬው ላይ በጋራ ይወድቃል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ለጻፈው ልቦለድ ስም የሰጠው በዚሁ ሥርዓት ነው። በረዶውን በዳኞች ትእዛዝ፣ ሳሎኑን በሾላ ዛፍ ጥላ ለውጡና አስቡት። የሚያውቅ ሰው አለ፣ የሚጠረጥር አለ፣ ዘመዱን የሚሸፍን አለ፣ ከሟች ጋር የድንበር ክርክር የነበረው አለ፤ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ማንም ቀድሞ እንዳይናገር ይጠባበቃል። ከዚህ የተሻለ የግድያ ተውኔት መድረክ ማን ሠራ? አንድ የአማርኛ ጸሐፌ ተውኔት እስከ ዛሬ ይህንን አለመያዙ ይገርመኛል፤ ከያዘው ደግሞ አላየሁምና ያየ ይንገረኝ።

ሆድ ይፍጀው እያልን ያደግን ሰዎች ነን። እንግዳ ፊት መከፋትን አለማሳየት፣ እያወቁ አለመናገር፣ አንዱን ብሎ ሌላውን ማለት በልጅነታችን በቤታችን የተማርነው ነው፤ ለዚህ ተውኔት ዓይነት ተዋናይ ከዚህ በላይ ምን ዝግጅት ይፈለጋል? የሚጎድለን ሌላው ግማሽ ነው። ሰው ፊት ቆሞ «እኔን እዩኝ፣ እኔን ምረጡኝ» ማለት እንደ ነውር ይታየናል። ካልተመረጥን ደግሞ እንደ ተዋረድን እንቆጥረዋለን። ኦዲሽን ላይ የማይመረጠው ሰው ከሚመረጠው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ትወና አይደለም። የባልና የሚስቱ ቁመት አልገጠመም፤ እናትና ልጅ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ተቀራረበ፤ ወይም የተመረጠው ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ ይመቸዋል። ሁለተኛ ዙር ከተጠራችሁ አንድን ሰው ከተለያዩ ሰዎች ጋር እያጣመሩ የሚያዩበት ጊዜ ነውና የመጀመሪያ ቀን የለበሳችሁትን ልብስ ልበሱ፤ ዳኞቹ በልብሱ ያስታውሷችኋል። ከዚያ ኢሜይል ይመጣል። ያልተመረጡት ሰዎች በሚቀጥለው ወር ለሌላ ተውኔት ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያንን ሚና ካገኘው ሰው ጋር ኮሪደር ላይ ይሳሳቃሉ። ይህን ጠባያቸውን ሳይ እቀናለሁ።

እኛ ማኅበር ውስጥስ? ለእንቁጣጣሽ ወይም ለዓድዋ በዓል ድራማ ሲታሰብ ሚናው የሚከፋፈለው በስልክ ነው። ንጉሡ በዕድሜ የገፋው ነው፤ ጀግናው ያዋጣው ነው፤ ሴቷ የጸሐፊው ዘመድ ናት። አሥር ዓመት ያንኑ ሰው በዚያው ካባ አይተናል። ይህንን ስል የሚስቁ አሉ፤ የሚስቁት ካባውን የሚያውቁ ናቸው። በዚህ አሠራር ጎበዝ ተዋናይ አይወጣም ማለቴ አይደለም፤ ጎበዙ ማን እንደሆነ ሳናውቅ እንቀራለን ማለቴ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጠው፣ ኩባያ የምታዞረው ሴት ተፈትነው አያውቁም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ለማኅበሩ አመራር፦ ለሚቀጥለው ዓመት አንድ የአማርኛ የግድያ ተውኔት እናዘጋጅ፤ ታሪኩም አፈርሳታ ይሁን። ደራሲ እንፈልግ፤ ተዋናዩን ደግሞ በግልጽ ኦዲሽን እንምረጥ፤ ማስታወቂያው በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም በገበያውም ይለጠፍ። ከጠረጴዛው ጀርባ የሚቀመጡት ሦስት ሰዎችም ለማንም ዘመድ ያልሆኑ ይሁኑ፤ ይቸግራል፣ ግን ከባልቲሞር ይመጣሉ።

ለእናንተ ደግሞ፦ ያንን ሳትጠብቁ የሠፈራችሁ ቴአትር ቤት ማስታወቂያ ሲያወጣ ሂዱ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ እሱ ቢያፍር እናንተ አንብቡ። ማታ አንድ ሰዓት ከተባለ ሩብ ጉዳይ ላይ ድረሱ። ሌላው ሲያነብ አዳምጡ። የሠርጉንና የክርስትናውን ቀን በቅጹ ላይ ጻፉ።